ሲኒማ ቤት በሌለበት ያየናቸው ፊልሞች

ሰሞኑን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ጨዋታ ተነስቶ ነበር። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ከወጡ የአገራችን ፊልሞች የምትወዱትን ጥቀሱ፣ የት እንዳያችሁትም ተናገሩ ነው ነገሩ። የአዲስ አበባ ልጆች ዓለም ሲኒማ፣ ኤድና ሞል፣ አምባሳደር እያሉ ወረዱበት። እኔ ምን ልበል? ያደግኩት ዱቦ ነው፤ ወላይታ፣ ከአረካ ብዙም ሳይርቅ። ሰው ዱቦን የሚያውቃት በሆስፒታሏ ነው። ሲኒማ ቤት የለማ!

የኛ ሲኒማ ሚሞሪ ካርድ ነበር። አረካ ገበያ የሚሄድ ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይሄዳል፣ ፊልም አስጭኖ ይመለሳል። ማታ ስልኩን ጣሳ ላይ አስደግፈን፣ ስድስት ሰባት ሆነን ተጠጋግተን እናያለን። ባትሪው ካለቀ መጨረሻውን ነገ ነው የምታውቁት።

አያቴ አማርኛ አትሰማም። ስለዚህ አጠገቧ ተቀምጬ ወደ ወላይትኛ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ፊልሞች ሳስብ ከተዋንያኑ ድምፅ በፊት የሚመጣብኝ የእሷ ጥያቄ ነው።

የቴዎድሮስ ተሾመን «ሶስት ማዕዘን» ያየነው እንደዚህ ነው። ስለ ስደት ነው ፊልሙ። ከኛ አካባቢ ደግሞ ልጆች አዲስ አበባ ሄደው ሊስትሮ ይሠራሉ፣ ሎተሪ ያዞራሉ፤ ጠንከር ያሉት ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይሄዳሉ። አያቴ ስለ መንገዱ አልጠየቀችም። «እናቶቻቸው ያውቃሉ?» ነበር ያለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

«ላምብ»ን ያየነው ዘግይተን ነው። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። ኤፍሬም የሚባል ልጅ ቹኒ የምትባል በጉን ይወዳል፣ አጎቱ ግን ለበዓል ሊያርዳት አስቧል። ለጊፋታ በሬ ሰው ዓመቱን ሙሉ በሚቆጥብበት አገር የበዓል እርድ ቀልድ አይደለም። አያቴ ግን ከበጓ ወገነች። ኤፍሬም ወጥ መሥራት ይወዳል፣ አጎቱ ደግሞ «ይሄ የወንድ ሥራ አይደለም» ብሎ ይቆጣዋል። በማግስቱ አያቴ ምንም ሳትል ቢላና ጎደሬ አቀበለችኝ። ላጥኩ!

አሁን ወደ «ድፍረት» ልምጣ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው፤ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ላምልጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች። ጠበቃዋን መዓዛ አሸናፊን ሆና የምትጫወተው ሜሮን ጌትነት ናት። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው።

ለክረምት ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ በላፕቶፕ ይዤው መጣሁ። ፈረሰኞቹ ልጅቷን ሲከቧት አፌ ተያዘ። አያቴም ተጠልፋ ነው ያገባችው። እናቴ አንዴ በሹክሹክታ ነግራኛለች፤ ቤታችን ውስጥ ግን አይወራም። እናም ዋሸሁ። «ዘመዶቿ ናቸው፣ ወደ ቤት ሊወስዷት ነው» አልኩ።

አያቴ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ይሄን አትተርጉም፣ እኔ እነግርሃለሁ» አለችኝ።

ነገረችኝም። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ነበር። መጀመሪያ ያነሳችው የተሰበረውን እንስራ ነው፤ እናቷ ስለ እንስራው እንዳትቆጣት ፈርታ እንደነበር። የሰው ስም አልጠራችም። ሂሩት ነፃ ስትወጣ «ዳኛው ነው የለቀቃት?» አለች። አዎ አልኳት። «በእኛ ጊዜ ሽማግሌ ነበር የሚመጣው» አለችና ዝም አለች።

በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። በድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ክስ አይቀርብበትም ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። አያቴ ግን ያኔ የልጅ ልጆች አይታለች።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሒሳብ ሳይነካ አይጨርስምና አንድ ነገር ልናዘዝ። ለነዚህ ፊልሞች የከፈልነው ብር በሙሉ የቀረው ፊልም ጫኚው ኪስ ነው። ለሠሪዎቹ ሳንቲም አልደረሰም። ሁላችንም በነፃ እያየን «የድሮ ፊልም የት ሄደ?» ማለት አያምርብንም። አሁን ፊልሙ ባለቤቶቹ ቻናል ላይ ካለ ከዚያ ነው የማየው፣ ማስታወቂያውንም አልዘልም። ዕዳዬን ባይከፍልም ወለዱን ይቀንስልኛል።

ግሩፑ ላይ ምርጥ ፊልም፣ የታየበት ቦታ ተብሎ ለተጠየቀው አጭር መልስ ጻፍኩ፦ «ድፍረት። ዱቦ፣ አያቴ ጎን።» አንዱ «ትርጉም ነው ወይስ ኦሪጅናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ግማሹን እኔ ተረጎምኩ፣ ግማሹን እሷ አልኩት።