የዕረፍት የመጀመሪያው ቀን ስለምን ያደክማል?

ለዓመት ዕረፍት ከሪያድ ወደ አገር ቤት የሄደ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ቀን እንዴት እንዳሳለፈው ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ድካሙን ነው። ምክንያቱንም የሰዓት ለውጥ ያደርገዋል። ይሁንና ሪያድና አዲስ አበባ ሁለቱም ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለሚቀድሙ በመካከላቸው የአንዲት ደቂቃ ልዩነት እንኳ የለም። በረራውም ከሦስት ሰዓት ብዙም አይርቅም። የድካሙ መነሻ ሌላ ነው፤ የሚጀምረውም ቦሌ ላይ ሳይሆን ባጥሐ ውስጥ ነው።

ባጥሐ በዐረብኛ አሸዋና ጠጠር የተነጠፈበት የጎርፍ መውረጃ ማለት ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ቀድሞ በከተማዋ መካከል ከሚወርደው ሸለቆ ነው፤ ዛሬ የሚወርድበት ሰውና ዕቃ ነው። ለጉዞ የተዘጋጀ ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ምሽቶች እዚህ ያሳልፋል። ለእናት ብርድ ልብስ፣ ለወንድም ስልክ፣ ለጎረቤት ሽቶ፣ ለማያውቃቸው ሕፃናት ልብስ ይገዛል። ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ከተፈቀደው በልጦ ይገኛል፤ ይፈታል፣ ይቀነሳል፣ እንደገና ይታሰራል። ሩጫው ያለ ምክንያት አይደለም። የሳዑዲ ዓረቢያ የሥራ ሕግ ለሠራተኛ በዓመት ከ21 ቀን የማያንስ፣ በአንድ አሠሪ ዘንድ 5 ዓመት ላገለገለ ደግሞ ከ30 ቀን የማያንስ የሚከፈልበት ዕረፍት ይሰጣል። የቤት ሠራተኞች በሌላ ደንብ ስለሚተዳደሩ፣ የአንድ ወሩ ዕረፍት የሚገኘው ሁለት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠበቀ ወር እንዳይባክን ሲባል የመጀመሪያው ቀን የሦስት ቀን ሥራ ይጫንበታል።

በዚህ ላይ የቀን ቆጠራ ጣጣ ይጨመራል። ቲኬቱ ላይ «ዓርብ 01:30» ተብሎ የተጻፈውን በረራ እንውሰድ። የአየር መንገዶች ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ ሰዓቱ የዓርብ ነው። በእኛ አነጋገር ግን ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነውና ይህ ሐሙስ ሌሊት 7:30፣ ማለትም ለዓርብ አጥቢያ ነው። ዐረብኛው ደግሞ ሌሊቱን ከሚከተለው ቀን ጋር ስለሚቆጥር «ለይለተል ጁምዓ» ሲል ሐሙስ ማታን ማለቱ ነው። ሦስቱ ቆጠራዎች በአንድ ስልክ ጥሪ ውስጥ ሲገናኙ፣ አንዱ ዓርብ ማታ ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል፤ በረራው ግን ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ወይም ዘመድ በማይሆን ሌሊት ቦሌ ተሰልፎ ያድራል። ስለዚህ ቀኑን ለቤተሰብ ሲነግሩ «ለዓርብ አጥቢያ» ማለት «ዓርብ ሌሊት» ከማለት እጅግ ይሻላል።

ይኸው መንገደኛ ሐሙስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ከሆነ፣ ቀን ሥራ ውሏል፣ ማታ ዕቃ አስሯል፣ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ንጉሥ ኻሊድ አውሮፕላን ማረፊያ ተገኝቷል። (የሜትሮው ሰማያዊ መስመር በባጥሐ ያልፋል፤ መስመር ቀይሮ በቢጫው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መሄድ ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ሻንጣና ካርቶን የተሸከመ ሰው ታክሲ ቢመርጥ አይፈረድበትም።) ቦሌ ሲደርስ እንቅልፍ ካጣ 24 ሰዓት ሊሞላው ነው። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት፣ 24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይተካከላል።

ሁለተኛው ምክንያት አየሩ ነው። ሪያድ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር በበረራ ጊዜ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ፣ መንገደኛው ከወረደ በኋላም የሚተነፍሰው ከበረራው ብዙ አይሻልም። በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ሪያድ ከለመደው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ማጠር፣ ቀላል ራስ ምታት፣ በመጀመሪያው ሌሊት የእንቅልፍ መቆራረጥ ከዚህ የመጡ ናቸው፤ በጥቂት ቀናት ይለቃሉ። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትም ከእጅ ሻንጣ መለየት የለበትም።

ዋናው አደጋ ከዚህ በኋላ ነው። ከቤተሰቡ ጋር የተከራየው ኮንትራት ሚኒባስ በር ላይ ቆሟል። መንገዱ ወደ ደሴ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከዚያ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርድና በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል እንደገና ይወጣል። ሊቀበሉ የመጡትም ሆኑ ሾፌሩ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። በመኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ እንቅልፍ ያጣ ነው፤ የደስታው ጫጫታ ሲያልቅ ሁሉም ያንቀላፋል፣ ሾፌሩ ጭምር። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ማደር፣ ገንዘቡ ከፈቀደም እስከ ኮምቦልቻ በአገር ውስጥ በረራ መሄድ፣ ከዕረፍቱ አንድ ቀን ቢወስድም ቀሪውን ይጠብቃል።

ቤት ሲደረስ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይቀጥላል፤ እንግዳው መተኛት ያሳፍረዋል። ይህ የሚያስደስት ድካም ነው፤ ብዙ ልንልበት አይገባም።

በዝምታ ሊታለፍ የማይገባው መርዶ ነው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የወላጅ ወይም የወንድም ሞት በስደት ላለ ሰው አይነገርም፤ «ባዕድ አገር ብቻዋን ማን ያጽናናታል?» ይባላልና። ሁለት ዓመት ሙሉ «አባትሽ ገጠር ሄዷል» ስትባል የቆየች ሠራተኛ እውነቱን የምትሰማው ታዲያ በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነው። አንዳንዴ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጣ፣ ከሊቀበሏት ከመጡት የአንዷን ጥቁር ልብስ አይታ ትረዳለች። እንቅልፍ ያጣና ትንፋሽ ያጠረው ሰውነት ይህን ሲሰማ ቢወድቅ አያስገርምም። ባህሉ ራሱ እንዲህ አላዘዘም። መርዶ ሽማግሌዎችና ጎረቤት ተሰብስበው፣ ማልደው፣ ቤት ድረስ ሄደው የሚያረዱት ነገር ነው፤ መንገድ ላይ የሚነገር አይደለም። ከባጥሐ ከመነሣቷ በፊት ለአንድ ታማኝ ዘመድ ደውላ «የምትደብቁኝ ነገር ካለ ቤት ገብቼ፣ አንድ ሌሊት ተኝቼ ስነሣ ንገሩኝ» ማለት ትችላለች። ይህን አስቀድማ የተናገረች እንደሆነ ቤተሰቡም ማን፣ መቼና የት እንደሚነግራት ለመመካከር ጊዜ ያገኛል።