ዝናብ የማን ቅርንጫፍ ነው?

ስለ ቡና ዋጋ ጽሑፍ ላዘጋጅ ተቀምጬ፣ የሐሳብ ካርታ ሶፍትዌር ከፍቼ ስክሪኑ መሀል ላይ «ቡና» ብዬ ጻፍኩ። ከእሱ «ገበሬ»፣ «አቅራቢ»፣ «ላኪ»፣ «ገዢ» የሚሉ ቅርንጫፎች አወጣሁ። «ዝናብ» ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። በአበባው ጊዜ ዝናብ ከጠፋ ምርት ይቀንሳል፤ እንግዲያው ከገበሬው ስር ይግባ። ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ከዘነበ ደግሞ ጥራቱ ይጎዳል፤ ይህ የአቅራቢው ጭንቀት ነው። ብራዚልን ድርቅ ሲመታት የዓለም ዋጋ ይወጣል፤ ይሄኛው ወደ ገዢው ይሄዳል። ዝናብ ሦስት ቤት አለው፣ ሶፍትዌሩ ግን የሚፈቅድለት አንድ ወላጅ ብቻ ነው።

የሐሳብ ካርታ ሶፍትዌር ሲመረጥ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው ቀለሙንና ዋጋውን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የሐሳቡ ቅርጽ ይታይ እላለሁ። ዛፍ ነው ወይስ መረብ?

ዛፉን በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ባቀረበው ተከታታይ ፕሮግራም። አንድ ማዕከል፣ በየቅርንጫፉ አንድ ቃል፣ ብዙ ቀለም። የዘር ሐረግ ሲቆጠር የሰማ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል፦ ከአንድ አያት ልጅ፣ ከልጅ የልጅ ልጅ። መረቡ የመጣው ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያው በ1970ዎቹ ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቹ የልጆች የሳይንስ ግንዛቤ እንዴት እንደሚለወጥ ሲከታተሉ፣ ጽንሰ ሐሳቦችን በመስመር የሚያያይዝ፣ በመስመሩ ላይም ቃል የሚያስጽፍ ካርታ አወጡ። ሲማፕቱልስ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ካርታ ነው።

የዝናቤን ጉዳይ ይዤ ወደዚያው ሄድኩ። ከ«ዝናብ» ወደ «ጥራት» ቀስት ስስብ መሀል ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ ውስጧ አራት የጥያቄ ምልክት አለ። ግሥ አምጣ ማለቷ ነው። «ያበላሻል» ብዬ ሞላሁና መልሼ አነበብኩት፤ ልክ አልመጣልኝም። ዝናብ ራሱ ጥራት አያበላሽም። መድረቁን ያዘገያል፣ መዘግየቱ ሻጋታ ያመጣል፣ ጣዕሙን የሚያበላሸው ሻጋታው ነው። አንዱ መስመር ሦስት ሆነ፤ ጽሑፌ ውስጥ የጎደለው አንቀጽም እዚያው ተገኘ። በዛፉ ላይ ብቀር ኖሮ «ዝናብ»ን አንዱ ቅርንጫፍ ስር ወሽቄ አልፍ ነበር። ብዙዎቹ የዛፍ ሶፍትዌሮች ቅርንጫፍን ከቅርንጫፍ በቀስት ማገናኘት ይፈቅዳሉ፤ ነገር ግን ቀስቱ ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቁም።

ይህን ስል ዛፉን ማቃለሌ አይደለም። ሐሳብ ገና በሚፈልቅበት ሰዓት እነዚያ አራት የጥያቄ ምልክቶች እንቅፋት ናቸው። ያኔ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው። እንደ ኤክስማይንድና ፍሪፕሌን ባሉ የዛፍ ሶፍትዌሮች ላይ ታብ ሲጫኑ ልጅ ይወለዳል፣ ኢንተር ሲጫኑ ወንድም ይጨመራል፤ እጅ ከኪቦርድ ሳይነሳ ሠላሳ ሐሳብ ይወርዳል። አንዱን ቃል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ማውዝ የሚያስነካ ሶፍትዌር፣ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይሆንም። አሁን እኔ መጀመሪያ በዛፉ አወርደዋለሁ፤ ቦታ ያጡትን ጥቂት ቃላት ብቻ ወደ መረቡ እወስዳለሁ።

ለቢሮ ሥራ ማይንድማኔጀር አለ። ማይክ ጄተር ከደም ካንሰር ሕክምና በማገገም ላይ ሳለ የጀመረው ሲሆን፣ ዛሬ ቅርንጫፉን ከቀነ ገደብና ከኃላፊ ጋር ያያይዛል፤ የሚከፈልበት ነው። ማይንድማይስተር በኢንተርኔት ማሰሻ ስለሚሠራ ብዙ ሰዎች አንዱን ካርታ እኩል ይሞሉታል፤ በነጻ የሚሰጠው የካርታ ቁጥር ግን ውስን ነው። ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራና በየወሩ በዶላር መክፈል ለሚከብደው፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጥና ነጻ የሆነው ፍሪፕሌን ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ ሥራዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ የሚለው ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ አገልግሎት ላይ የሁለት ዓመት ማስታወሻ አከማችቼ፣ ክፍያዬ ሲያልቅ ካርታዎቼን ማውጣት የቻልኩት በምስል ብቻ ነበር። ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኳቸው። የፍሪፕሌን ፋይል ግን ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ኖትፓድ ላይ እንኳ ይከፈታል። ኦፒኤምኤል በሚባለው ቅርጽ የሚያወጣ ሶፍትዌርም እምነት ይጣልበታል፤ ሌሎች ብዙዎች ያነቡታልና።

በአማርኛ ለምንሠራ ሌላም ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሆኖም ስክሪን ላይ ደህና የነበረ ካርታ ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጥ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ ዛሬም አለ፤ ፎንቱ አብሮት አልሄደማ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት አሥር መስመር በአማርኛ ጽፈን፣ አውጥተን፣ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍተን እንይ። ፍለጋውንም እንፈትሽ። «ስራ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ሥራ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል፤ «ጸሐይ»ና «ፀሐይ»ም እንዲሁ። ሁለት መቶ ቅርንጫፍ ባለው፣ ግማሹ በታጠፈ ካርታ ላይ ያልተገኘ ቃል እንዳልተጻፈ ነው የሚቆጠረው። እኔ ከካርታዎቼ ሁሉ ጎን ቃሎቼን በየትኛው ፊደል እንደምጽፍ የሚያሳይ አጭር ዝርዝር አኖራለሁ፤ ባልደረቦቼ ካርታውን ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚከፍቱትም እሱን ነው።