ፕሌይስቴሽንና ሆም ቲያትር፦ ድምፁ የት ላይ ይቀራል?

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» የተባለ ጌም ውስጥ ዓይናቸው የጠፋ፣ ሰውን በድምፅ ብቻ እያሰሱ የሚያድኑ ፍጡራን አሉ። እየተንቀሳቀሱ የሚያሰሙት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ለተጫዋቹ ትልቁ ማስጠንቀቂያው ነው። ከበስተኋላ በግራ በኩል ከሰማው ወደ ቀኝ ሸርተት ይላል፤ ከፊት ከሆነ አድፍጦ ይጠብቃል። በቴሌቪዥኑ የራሱ ስፒከር ለሚጫወት ሰው ግን ሁሉም ድምፅ የሚመጣው ከፊት ለፊት ነው። አውሬው ከኋላው ቢቆምም ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ይወጣል።

የፊልም ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ጊዜ ተቀናብሮ ያለቀ ነው። መቶ ጊዜ ብናየው ሄሊኮፕተሩ በዚያው ደቂቃ በዚያው በኩል ያልፋል። የጌም ድምፅ እንዲህ አይደለም። ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ቀርጸው ያስቀምጣሉ፤ የትኛው ከየት በኩል፣ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ የሚወስነው ግን ማሽኑ ነው። ተጫዋቹ የቆመበትንና የዞረበትን አቅጣጫ እያሰላ በዚያችው ቅጽበት ይሠራዋል። ተጫዋቹ ፊቱን ሲያዞር ከኋላው ይሰማ የነበረው ወንዝ ወደ ፊቱ ይመጣል። ስለዚህ የዙሪያ ድምፅ ከፊልም ይልቅ ለጌም ያስፈልጋል እላለሁ፤ ድምፁ የት እንዳለ ያወቀ ተጫዋች በሕይወት ይቆያል።

ፕሌይስቴሽኑም ሆነ ኤክስቦክሱ ይህን ሁሉ አሰናድቶ ሊልክ ይችላል። ሆኖም ሆም ቲያትር ባለበት ብዙ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ የሚደርሰው ሁለት መስመር ድምፅ ብቻ ነው። የተረፈው መንገድ ላይ ይቀራል። ባለቤቱም አምስቱም ስፒከር ሲጮኹ ስለሚሰማ የጎደለ ነገር ያለ አይመስለውም።

«5.1» የሚባለው አሠራር አምስት አቅጣጫ የሚለይ ድምፅና አንድ የወፍራም ድምፅ መስመር አለው። ከፊት ግራ፣ መሐልና ቀኝ፤ ከጎን ወደ ኋላ ገባ ያሉ ግራና ቀኝ፤ ነጥብ አንዷ ደግሞ የዉፈሩ ናት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ምክር መሠረት የፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ከአድማጩ ፊት 30 ዲግሪ ወደየጎናቸው፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ላይ ይቆማሉ። እኛ ዘንድ ግን አምስቱንም ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ መደርደር የተለመደ ነው። ለዓይን ያምራል፤ ጆሮ ግን የኋላ አቅጣጫውን ያጣል። የሁለቱ ስፒከሮች ገመድ ረዝሞ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በግድግዳው ጠርዝ ወይም በምንጣፉ ሥር አሳልፋችሁ ከሶፋው ጎንና ጎን፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏቸው። ዉፈሩ ብዙ ቦታ አይመርጥም፤ ከ80 ኸርዝ በታች የሆነ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ መለየት ይቸግረዋል። ግድግዳ ግን አልፎ ይሄዳል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ከጎረቤት ግድግዳ አርቁት፣ ሲመሽም ቀንሱት።

ከኮንሶሉ እስከ ስፒከሩ ድምፁ የሚሄድባቸው ገመዶች አቅማቸው ለየቅል ነው። ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ሁለት መስመር ይይዛል፣ በቃ። ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፈውን ኦፕቲካል ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ለሲዲ ማጫወቻ ብሎ ሠራው፤ ሲዲ ሁለት መስመር ስላለው ገመዱም የተለካው ለሁለት ነው። ጥራቱን የጠበቀ ያልታመቀ የ5.1 ድምፅ በሴኮንድ ወደ 7 ሚሊዮን ቢት ይፈልጋል። በኦፕቲካል ይለፍ ከተባለ በዲቲኤስ ወይም በዶልቢ ዲጂታል መታመቅ አለበት፤ ዶልቢ ዲጂታል ቢበዛ 640 ሺህ ቢት ላይ ያወርደዋል። ፊልም ቀድሞ ታምቆ ስለሚመጣ አልተቸገረም። የጌም ድምፅ ግን በየቅጽበቱ የሚወለድ ስለሆነ፣ እየተጫወቱ ሳለ የሚያምቅለት ማሽን ያስፈልገው ነበር። ዶልቢ ዲጂታልን እንዲህ እየሠራ በመላክ የመጀመሪያው ኮንሶል እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኤክስቦክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ፕሌይስቴሽን 3 ኤችዲኤምአይ ይዞ መጣ፤ ምስሉንም፣ እስከ ስምንት መስመር የሚደርስ ያልታመቀ ድምፅንም አንድ ገመድ ይሸከመው ጀመር። ይህ ያልታመቀ ድምፅ ፒሲኤም ይባላል። ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪዝ ኤክስ ጭራሹኑ የኦፕቲካል ቀዳዳ የላቸውም።

እንግዲህ ከሁሉ የሚሻለው አያያዝ ከኮንሶሉ በኤችዲኤምአይ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከአምፕሊፋየሩ በሌላ ኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። ገመዱ መሰካቱ ብቻ ግን አይበቃም። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ሳውንድ ገብታችሁ፣ የተያያዘው መሣሪያ «ኤቪ አምፕሊፋየር» መሆኑን ንገሩት፤ የስፒከሩን ብዛት 5.1 አድርጉ፤ ፎርማቱን «ሊኒየር ፒሲኤም» ላይ ተዉት። ኤክስቦክስ ላይ «5.1 አንኮምፕረስድ»ን፣ ኒንቴንዶ ስዊች ላይ «ሰራውንድ»ን ምረጡ። ብዙ ሰው የዶልቢን ስም ሲያይ እሱ የሚበልጥ ይመስለዋል፤ ለጌም ግን ፒሲኤም ይሻላል ባይ ነኝ። ማመቁና መፍታቱ ጊዜ ይወስዳል። በሴኮንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጌም አንዱ ምስል የሚቆየው ከ17 ሚሊ ሴኮንድ በታች በመሆኑ፣ ትንሽ መዘግየት እንኳ ተኩሱንና ድምፁን ያለያያል። ጣሪያው ላይ ስፒከር የሰቀለ ሰው ብቻ ዶልቢ አትሞስን ይምረጥ።

አምፕሊፋየሩ ቆየት ያለ ከሆነና 4ኬ ምስልን በሴኮንድ 120 ጊዜ ማሳለፍ ካልቻለ፣ ኮንሶሉ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል፤ ድምፁም ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ ይመለሳል። ብዙው ድምፅ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ኤአርሲ የተባለው መመለሻ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ሲመጣ አቅሙ ከኦፕቲካል ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ፒሲኤም ከሆነ የሚያሳልፈው ሁለት መስመር ነው። ኒንቴንዶ ስዊች 5.1ን የሚልከው በፒሲኤም ብቻ ስለሆነ፣ ሴቲንጉ «ሰራውንድ» እያለ እንኳ በኤአርሲ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሁለት መስመር ይወርዳል። ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ግን ዶልቢ መላክ ስለሚችሉ፣ በኤአርሲ ወይም በኦፕቲካል የምታገናኙ ከሆነ ያን ጊዜ ዶልቢን ምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር የመጣው ኢኤአርሲ ያልታመቀውንም ሙሉውን ያሳልፋል፤ ቴሌቪዥኑም አምፕሊፋየሩም ኢኤአርሲ ያላቸው መሆን አለባቸው።

አገራችን ውስጥ የለመድነው ደግሞ ዲቪዲ ማጫወቻና አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን የያዘው ሆም ቲያትር ነው። ከኋላው ኤችዲኤምአይ አይቶ ፕሌይስቴሽኑን እዚያ የሚሰካ ሰው ምንም አይሰማም። ቀዳዳው «አውት» ነው፤ የዲቪዲውን ምስል ወደ ቴሌቪዥን ለማውጣት የተሠራ። «ኢን» የሚል ከሌለው ኮንሶሉን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታችሁ፣ ከቴሌቪዥኑ የኦፕቲካል መውጫ ወደ ሳጥኑ የኦፕቲካል መግቢያ አገናኙ፤ ኮንሶሉንም ዶልቢ ላይ አድርጉ። አንዳንድ ቴሌቪዥን የመጣለትን ዶልቢ ወደ ሁለት መስመር ቀንሶ ስለሚያወጣ ይህ በመሞከር ይታወቃል። ቀይና ነጩ ብቻ ካለው «ፕሮ ሎጂክ» የሚል ምርጫ ፈልጉ። ከሁለቱ መስመር የኋላውን ገምቶ ያወጣል፤ ግምት ቢሆንም በአምስቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ከማስጮህ ይሻላል።

ዘመድ ከአሜሪካ አምፕሊፋየር የላከላችሁ ሰዎች ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ለዚያ ገበያ የሚሠሩት አብዛኞቹ በ120 ቮልት ብቻ ይሠራሉ፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። ለዋቱ የሚበቃ ማውረጃ ትራንስፎርመር ሳይኖር ከተሰካ ይቃጠላል።

ሁሉም ድምፅ መድረሱን ለማወቅ የአምፕሊፋየሩ ፊት ላይ የሚበራውን ጽሑፍ ተመልከቱ። «መልቲ ቻናል» ካለ ፒሲኤሙ ሳይቆረጥ ገብቷል። «ስቴሪዮ» ወይም «ፕሮ ሎጂክ» ካለ የደረሰው ሁለት መስመር ነው፤ ተመልሳችሁ ሴቲንጉን ፈትሹ። ከዚያም ጌሙ ውስጥ ምንጭ ወይም እሳት አጠገብ ቆማችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። ድምፁ ክፍሉን አብሯችሁ መዞር አለበት።

አዲስ ሆም ቲያትር ልትገዙ ስትሄዱም ስንት ዋት እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩ ጀርባውን አዙሮ ያሳያችሁ። «ኤችዲኤምአይ ኢን» ወይም «ኢኤአርሲ» የሚል ካላያችሁበት ለፕሌይስቴሽን ብላችሁ አትግዙት።