በድድ ሕመም የጠፋውን አጥንት ስለ መመለስ

ጥርስ ሲነቃነቅ ብዙ ሰው ጥርሱ የታመመ ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የተጎዳው ጥርሱ ሳይሆን የቆመበት መሠረት፤ ይኸውም ድዱና ከድዱ ሥር ያለው የመንጋጋ አጥንት ነው። በጥርስና በድድ መካከል የሚጠራቀመው ቆሻሻ ተዋሲያንን አቅፎ ይቆያል፤ ውሎ ሲያድርም እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ድዱ ያብጣል፥ ይደማል፥ ከጥርሱም እየተላቀቀ ኪስ ያበጃል። ሰውነት ከተዋሲያኑ ጋር በሚያደርገው ትግል አጥንቱ እየተበላ ይሄዳል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ስለማያስጮህ ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ሐኪም ቆሻሻውን ከሥሩ ጠርጎ ሲያወጣው መድማቱ ይቆማል። የጠፋው አጥንት ግን በዚህ ብቻ እንደ ቀድሞው አይመለስም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ሜልቸር የተባሉ ሊቅ ነገሩ ቦታውን ቀድሞ የሚይዘው ማን ነው የሚል መሆኑን አስረዱ። የድዱ ቆዳ ሕዋሳት ፈጣኖች ስለሆኑ ባዶውን ስፍራ ይወርሱታል፤ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር የሚያስተሳስሩት ሕዋሳት ግን ሲደርሱ ስፍራው ተይዞ ይቆያቸዋል። በ1982 በስዊድን አገር ኒማን፥ ሊንዴና ባልደረቦቻቸው በአንድ ሰው ጥርስና ድድ መካከል ስስ ማጣሪያ እንደ አጥር አድርገው አኖሩ። ፈጣኖቹ ሲታገዱ ቀርፋፎቹ ጊዜ አገኙ፤ ጥርሱም አዲስ ማሰሪያ አበቀለ።

ከዚህ በኋላ አጥሩ የንግድ ዕቃ ሆነ። ፊተኛው የዝናብ ልብስ ከሚሠራበት ከጎርቴክስ ዓይነት ነበርና፥ በሁለተኛ ቀዶ ጥገና መውጣት ነበረበት። ኋላ የመጣው ከእንስሳት ኮላጅን ተሠርቶ በራሱ ይሟሟል። ጉድጓዱን ለመሙላትም ከራሱ ከበሽተኛው የተወሰደ አጥንት፥ ከሟች ሰው በስጦታ የተገኘ፥ ከከብት አጥንት ተጣርቶ የተዘጋጀ ወይም በፋብሪካ የተሠራ ይገኛል። ኤምዶጌን የተባለው ቅባት መሰል መድኃኒት የሚዘጋጀው ገና በማደግ ላይ ካለ የዓሣማ ጥርስ ነው። እንግዲህ አስመጪው የዕቃውን ምንጭ አጣርቶ ሊያውቅና ለሐኪሙ ሊገልጽ ይገባዋል። ዓሣማ የማይበላ ክርስቲያንም ሆነ እስላም፥ አፉ ውስጥ ምን እንደሚገባ ከቀዶ ጥገናው በፊት እንጂ በኋላ ሊነገረው አይገባም። ሌላ የሚተካው ዕቃ እያለ ይህን መደበቅ የሚያሳፍር ነው።

ሥራው ለሁሉም አይሆንም። ጠባብና ጥልቅ የሆነ ጉድጓድ፥ ግድግዳው በሦስት ወገን የቆመለት፥ ደኅና ይሞላል፤ አጥንቱ በሁሉም ጥርሶች ዙሪያ እኩል ከወረደ ግን የሚመለሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሲጋራ የሚያጨስና የስኳር በሽታውን ያልተቆጣጠረ ሰው ውጤቱ ይቀንስበታል። ውጤቱም በራጅ የሚታየው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው። ድድ ብቻ የሸሸ እንደሆነ ከላንቃ ሥጋ ተወስዶ ይተከላል።

ባለሱቆችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። አጥንት የሚመልስ የጥርስ ሳሙና የለም። እንዲህ ተብሎ የተሸጠለት ደንበኛ ድዱ እየደማ ወራት ያሳልፋል፤ በእነዚያም ወራት ሊድን የሚችለው አጥንት ይጠፋል። ለስላሳ ብሩሽ፥ የጥርስ ክርና በጥርሶች መካከል የሚገባው ትንሽ ብሩሽ ግን ከቀዶ ጥገና በኋላም፥ ሐኪሙ ሲፈቅድ፥ በየቀኑ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ናቸው።