ነቀዝን ከጓዳ ስለ ማስወጣት
(ከሬዲዮ ንግግር የተወሰደ)

በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው በየቤታችን ጓዳ ገብቶ ቀለባችንን ስለሚካፈለን ትንሽ ጠላት ነው፤ እርሱም ነቀዝ ነው። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በወር ደመወዝ የሚተዳደር የመንግሥት ሠራተኛ ለክረምት ብሎ የሸመተው አንድ ኩንታል እህል ተቦርቡሮ ዱቄት ሆኖ ሲያገኘው ጉዳቱ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳዋል። ከዚህም የሚብሰው ነቀዙን ለማጥፋት ተብሎ ወደ ቤት የሚገባው መርዝ ነው። ነቀዝ እህልን ይበላል እንጂ ሰውን አይገድልም፤ የነቀዝ ክኒን ግን ሰውን ይገድላል። ስለዚህ አስቀድመን የነቀዝን ጠባይ፣ ቀጥለንም ያለ መርዝ የሚከላከሉበትን መንገድ እናስረዳለን።

ነቀዝ ለሰው ልጅ አዲስ እንግዳ አይደለም። በጥንታዊት ግብፅ መቃብር ውስጥ ከተቀመጠ እህል ጋር ተገኝቷል። የበቆሎና የስንዴ ነቀዝ ሴቲቱ በረጅሙ አፏ ፍሬውን ትበሳና በቀዳዳው አንዲት እንቁላል አኑራ በሚያጣብቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። በዕድሜዋም ከመቶ የሚበልጥ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ትሉ በፍሬው ውስጥ ተፈልፍሎ፣ ሆዱን በልቶ፣ ጎልምሶ፣ ቅርፊቱን ነድሎ ይወጣል። ይህም ሁሉ በሞቃት ስፍራ አምስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ በወንፊት የምናራግፈው የወጣውን ብቻ እንጂ በውስጥ ያለውን አይደለም። እህሌን ነፍቼ አጸዳሁ ያለ ሰው ከአንድ ወር በኋላ ነቀዙን እንደ ገና የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የጉና ተራራ ብርድ የሚደርሳት ከተማ ናት። ነቀዝ ደግሞ ብርድ አይስማማውም፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን መራባቱ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ የፋርጣና የጋይንት ደጋ ገብስ ከቆላ እህል ይልቅ ሳይነቅዝ ይቆያል። ይሁን እንጂ የደጋ ነዋሪ በዚህ ተማምኖ ሊዘናጋ አይገባውም። አንደኛ፣ ሞቅ ካለው አገር ተጭኖ የሚመጣ እህል ነቀዙን በሆዱ ይዞ ይገባል። ሁለተኛ፣ እህሉን ከምድጃ አጠገብ ብናስቀምጥ በደጋ ቤት ውስጥ የቆላ አየር እንፈጥርለታለን። ጎታውም ሆነ ጆንያው ከእሳት ርቆ በቀዝቃዛው ግድግዳ በኩል፣ ከመሬትም ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ መቀመጥ ይገባዋል።

አሁን ወደ መከላከያው እንለፍ።

መጀመሪያ ንጽሕና ነው። አዲሱን እህል ከአሮጌው ጋር አትቀላቅሉ። ጎታው ሲራቆት ጥርጊያው ከቤት ርቆ ይቃጠል፤ ስንጥቁም በጭቃ ይመረግ። አሮጌ ጆንያ በፈላ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ሳይደርቅ አዲስ እህል አይጨመርበት።

ሁለተኛው ድርቀት ነው። እርጥብ እህል ለነቀዝም ለሻጋታም የተመቸ ነው። መድረቁን ለማወቅ በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ደኅና አድርጋችሁ ነቅንቁ፤ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ሳይጣበቅ ወደ ታች ከወረደ ለማከማቸት ደርሷል።

ሦስተኛው የፀሐይ ሙቀት ነው። በደጋ ፀሐይ ብቻውን በፍሬው ውስጥ ያለውን ትል ላይገድል ይችላል። ነገር ግን እህሉን በጥቁር ላስቲክ ላይ በስሱ አስጥታችሁ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ብታለብሱትና ዳር ዳሩን በድንጋይ ብትጭኑት ሙቀቱ ታፍኖ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ይህም እንቁላሉንና ትሉን ይፈጃል። እህሉ ሳይቀዘቅዝ ግን አይከተት፤ ያልበዋልና። ለዘር የሚሆነውንም ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ሙቀቱ ብቅለቱን ሊጎዳው ይችላል።

አራተኛው አየር መከልከል ነው። ነቀዝ እንደ እኛ ይተነፍሳል። የደረቀውን እህል በጀሪካን ወይም በበርሜል እስከ አፉ ሞልታችሁ አጥብቃችሁ ብትከድኑት ነቀዙ በውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በካሜሩን አገር ያጠኑት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢትም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች ለየብቻቸው ይታሰራሉ፤ ሦስተኛው ኬሻ ይጠብቃቸዋል። ከታሰረ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ያህል አይከፈት።

የአባቶቻችንንም ብልሃት መናቅ አይገባም። ጤፍ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ በውስጡ ሊያድግ አይችልም፤ ከበቆሎ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ በፍሬው መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ይነሳዋል። ሲያስፈልግ በወንፊት ይለያል። የተነፋ የምድጃ አመድም የነቀዙን ገላ ፍቆ እርጥበቱን ያደርቅበታል። ሽምብራ ደግሞ እንዳለ ከሚቀመጥ ተከክቶ ቢቀመጥ የጥራጥሬ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም።

እንግዲህ ወደ ክኒኑ እንመለስ። በገበያ የነቀዝ ክኒን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ይህ ክኒን የአየርን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በጆንያው ውስጥ ታስሮ አይቀርም፤ በግድግዳ ስንጥቅና በበር ሥር አልፎ ልጆች ወደተኙበት ክፍል ይገባል። አንዳንድ ጊዜ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ይኖረዋል፤ ሽታ አለመኖሩ ግን ደኅንነትን አያረጋግጥም። ለመርዙም ማርከሻ መድኃኒት አልተገኘለትም። ስለዚህ ክኒኑ ሥራውን በተማሩ ሰዎች እጅ፣ ሰው በማያድርበት መጋዘን ካልሆነ በቀር ፈጽሞ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት የለበትም። ክኒን ካለበት ቤት ያደረ ሰው ቢያቅለሸልሸው፣ ራሱን ቢያዞረው ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ሁሉንም ከቤት አውጥታችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል አድርሱ፤ ለሐኪሙም ክኒን መኖሩን ንገሩ።

አንድ ጊዜ ዲዲቲም የቤት ወዳጅ ተብሎ በየስፍራው ይነሰነስ ነበር። ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ ግን በ2001 (እ.ኤ.አ.) በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነት በሽታ አስተላላፊ ተባይን ከመከላከል በቀር እንዳይሠራበት ተወስኗል። ተባይን የሚገድል ሁሉ ለሰው ወዳጅ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ሁሉ ነቀዝን መከላከያው ጊዜ እህሉ ወደ ጓዳ ከመግባቱ በፊት ነው። ጠርሙስና ጨው፣ ላስቲክና ፀሐይ፣ ደኅና ክዳን ያለው ጀሪካን ለማንም ቤት የሚከብዱ አይደሉም። እነዚህን የያዘ ቤተሰብ ክረምቱን እህሉንም ልጆቹንም ጠብቆ ይወጣል።