በተቆለፈ ድረ ገጽ ውስጥ ስለሚገቡ ያልታሸጉ ነገሮች

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፥ ከተነሡት ሱቆች አንዱ የአንድ ወርቅ ሠሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለሱቁን ከቀድሞ ደንበኞቻቸው ጋራ የሚያገናኛቸው ከሞላ ጐደል ድረ ገጻቸው ብቻ ሆነ። ወደ እኛ የመጡትም ገጹ ስለ ታመመባቸው ነው። የቀለበቱና የሐብሉ ፎቶግራፍ ከፊሉ ባዶ ነው፥ የዋጋው ዝርዝር ጨርሶ አይወጣም፤ በማዘዣው ቅጽ ስልኩን ጽፎ ለሚልክም ሰው ቅጹ እንደማያስተማምን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። የሩቅ ደንበኛ ይህን አይቶ ሰውየው አጭበርባሪ ሆነዋል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ገጹ የኤችቲቲፒኤስ ምስክር ወረቀት አለው። (ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሌትስ ኤንክሪፕት በነጻ ስለሚሰጥ ማንም ሊያገኘው ይችላል።) ታዲያ ጉድለቱ ከየት መጣ?

ድረ ገጽ አንድ ወረቀት አይደለም። ብራውዘሩ በመጀመሪያ ጽሑፉን ይቀበላል፤ ቀጥሎም በጽሑፉ ውስጥ በተመለከቱት አድራሻዎች መሠረት ፎቶግራፉንና ዋጋ የሚያወጣውን ፕሮግራም አንድ በአንድ ያስመጣል። ከነዚህ አንዱ በተራው ኤችቲቲፒ ቢመጣ፥ ደብዳቤውን በማኅተም አሽጎ አባሪውን በክፍቱ እንደ መላክ ነው። በመንገድ ላይ ያለ ሰው፥ ለምሳሌ የካፌውን ዋይፋይ የሚቈጣጠር፥ ሊያነበው ብቻ ሳይሆን ሊለውጠውም ይችላል። ፎቶግራፍ ቢለወጥ ጉዳቱ እዚያው ይቀራል፤ ፕሮግራም ቢለወጥ ግን የማዘዣውን ቅጽ ጭምር ገጹን በሙሉ ይገዛል። ፋየርፎክስ በ2005 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ፕሮግራም መከልከል የጀመረው ስለዚህ ነው። ክሮምም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ድምፅንና ፊልምን፥ ቈይቶም ፎቶግራፍን በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ይጠይቃል፤ ካላገኘ ይተወዋል። እንግዲህ ስሕተቱ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በማስጠንቀቂያ ሳይሆን በባዶ ቦታ ነው፤ ባለገጹም «ኔትወርክ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

በብራውዘሩ «ኤፍ 12» ሲጫኑ በሚከፈተው መስኮት፥ «ኮንሶል» የተባለው ክፍል የተከለከለውን ሁሉ ከነአድራሻው ይዘረዝራል። ገጹ የተሠራው በዎርድፕረስ ነው፤ ፎቶግራፎቹ የገቡት ምስክር ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት ስለ ነበረ አድራሻቸው በመረጃ ቋቱ ውስጥ እንደ ድሮው ቀርቷል።

ብዙ ሰው ሰርቨሩ ጠያቂውን ሁሉ ወደ ኤችቲቲፒኤስ እንዲያዞር ካዘዘ የበቃው ይመስለዋል። እኛም የመጀመሪያውን ቀን ያጠፋነው በዚሁ ነው። ብራውዘሩ ግን የሚፈርደው ገጹ ላይ በተጻፈው አድራሻ ነው፤ ፕሮግራሙን ገና ሳይጠይቅ ስለሚከለክለው ከማዞሪያው አይደርስም።

ስለዚህ የመረጃ ቋቱን ቅጂ ካስቀመጥን በኋላ አድራሻዎቹን ለዚሁ በተዘጋጀው የዎርድፕረስ መሣሪያ ለወጥን። እንዲያው ፈልጎ መተካት አይበጅም፤ ዎርድፕረስ አንዳንዱን መረጃ ከርዝመቱ ቍጥር ጋራ ስለሚያስቀምጥ አንዲት «ኤስ» ስትጨመር ቍጥሩ ይፋለሳል። ዋጋ የሚያወጣው ፕሮግራም ይመጣበት የነበረው የሌላ ሰው ሰርቨር ኤችቲቲፒኤስ አልነበረውም፤ የፕሮግራሙ ፈቃድ መቅዳትን ስለማይከለክል ቅጂውን በባለሱቁ ሰርቨር ላይ አኖርነው። የቅጹ መድረሻ በአንድ መስመር ታረመ።

«አፕግሬድ ኢንሴኪዩር ሪኩዌስትስ» የሚባል ትእዛዝም አለ፤ ብራውዘሩ በኤችቲቲፒ የተጻፈውን ከመጠየቁ በፊት ወደ ኤችቲቲፒኤስ እንዲለውጥ ያዛል። ለመጠባበቂያ ጨመርነው እንጂ እንደ መድኃኒት አንቈጥረውም፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ኤችቲቲፒኤስ ከሌለው ምንም አያመጣም። ባለሱቁ «አሁንስ ደንበኛ ያምነኛል?» ብለው ጠየቁን። ቁልፉ የሚመሰክረው ለመንገዱ ነው፥ የወርቁን ካራት አያውቅም አልናቸው፤ ሣቁ።

የዋጋው ዝርዝር በዚያው ቀን ማታ ወጣ። የአንድ ሐብል ፎቶግራፍ ግን ያለበት ሰርቨር ጠፍቶ ከየትም አልተገኘም። ሐብሉ አስቀድሞ ተሽጦ ስለ ነበረ ቦታውን ከገጹ አነሣነው።