የምድርን ኤሌክትሪክ የሚለካው መሣሪያ

አዳማ አጠገብ፣ ቦኩ ላይ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ እንፋሎት ይወጣል። ሙቀቱ ከምን ጥልቀት እንደሚነሣ ግን በዓይን አይታወቅም፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ማየት ደግሞ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ከቁፋሮው በፊት ማግኔቶቴሉሪክ የተባለው መሣሪያ ይቀድማል።

መሣሪያው የሚለካው አለቱ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። የራሱን ኤሌክትሪክ አይለቅም። በሩቅ አገር የሚወርድ መብረቅና ከፀሐይ የሚነሡ ቅንጣቶች የምድርን መግነጢስ ያወዛውዛሉ፤ ውዝዋዜውም መሬት ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ፈጣኑ ውዝዋዜ ስለ ላይኛው አለት ይናገራል፤ አንድ ዙሩ ብዙ ሰከንድ የሚፈጀው ዝግተኛው በርካታ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ይዘልቃል።

ተከላው ትዕግሥት ይጠይቃል። የመሬቱን ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት ኤሌክትሮዶች በጨው ውሃ በተለወሰ ጭቃ ውስጥ ይቀበራሉ፤ አንዱ ጥንድ ሰሜንና ደቡብ፣ ሌላው ምሥራቅና ምዕራብ። ከክንድ የሚረዝሙ ጥቅል ሽቦዎችም በውሃ ልክ ተስተካክለው ይቀበራሉ። ገመዱ ሳይቀር አፈር ይለብሳል፤ የአዳማ ነፋስ ካወዛወዘው ልኬቱ ይበላሻል። ከዚያ ሰው ይርቃል፣ መሣሪያውም ሌሊቱን ሙሉ ይመዘግባል።

ትልቁ ጠላት የሰው ኤሌክትሪክ ነው። ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው መስመር፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ሁሉም ይረብሻሉ። መፍትሔው ሁለተኛ መሣሪያ ራቅ ባለ ጸጥተኛ ቦታ በተመሳሳይ ሰዓት መትከል ነው፤ በአንዱ ብቻ የታየው ረብሻ ተለይቶ ይጣላል።

በኔዘርላንድስ፣ ላይደን፣ ከረብሻ ጋር ተመሳሳይ ትግል በሌላ መጠን ተካሂዷል። ተመራማሪዎች ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ እያጎበጡ በጥሰው፣ በክፍተቱ መካከል አንዲት የሃይድሮጂን ሞለኪውል ያዙ። እዚያ ረባሹ ሙቀት ስለሆነ መሣሪያውን በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ አቀዘቀዙት። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ባደረጉት ውጤት የሞለኪውሏ ሬዚስታንስ 13 ሺህ ኦም ገደማ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ስንመለስ፣ በዝዋይና በላንጋኖ መካከል ባለው አሉቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት አግኝተዋል። በኋላ የተካሄደው ልኬት ደግሞ ከላይ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተላልፍ የሸክላ አፈር ክዳን፣ ከሥሩም እምብዛም የማያስተላልፍ ትኩስ አለት አሳየ። ሸክላው ሙቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ባሕርዩን ይለውጣልና፣ ይህ ወሰን ለቆፋሪ ዋና ምልክት ነው።

በዚያው ስምጥ ሸለቆ ባለው ቦሰት ተራራ ሥር ደግሞ ካትሪን ዌለርና ሶፊ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በታችኛው የምድር ቅርፊት ኤሌክትሪክ በጣም የሚያስተላልፍ ስፍራ አግኝተው ቅልጥ አለት ነው ብለዋል። ጨዋማ ውሃም፣ ሸክላም፣ ቅልጥ አለትም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ልኬቱ ከመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ጋር ተዳብሎ መነበብ ያለበትም ለዚህ ነው።